ውርጭ የነካው መድኃኒት

ቄስ ኪዳነ ማርያም ጣታቸውን ዘረጉ። ነርሱ ኤርሚያስ ወጋ አድርጎ የደሙን ጠብታ መለኪያው ላይ አስነካ። በደብረ ብርሃን ዳርቻ ያሉ የስኳር ሕሙማን በየወሩ በደብሩ አዳራሽ ይሰበሰባሉ፤ ይማራሉ፣ ይለካሉ፣ ውጤቱም በሁሉም ፊት ይነገራል። ሥርዓቱን ያወጡት ራሳቸው ቄሱ ናቸው፤ የሚያፍር ሰው ይጠነቀቃል ብለው።

"ሦስት መቶ አርባ" አለ ኤርሚያስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ባለፈው ወር ከሁሉም የተሻለው የሳቸው ነበር።

"የሰይፈሥላሴ ተዝካር ጠላ ነዋ!" አሉ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ባፈና ከኋላ።

"አልቀመስኩም። ባርኬ ወጣሁ።"

"አይ አባ! ሲባርኩ ጣትዎ ገብቶበት ይሆናላ።"

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ቄሱ ሊምሉ መስቀላቸውን አወጡና መልሰው ከተቱት። ከሳቁት ግማሹ የንስሐ ልጆቻቸው ናቸው። ነገ ጹሙ፣ ከመጠጥ ራቁ ቢሏቸው ማን ይሰማቸዋል?

"የሚወጉትን ኢንሱሊን አቋርጠዋል እንዴ?" አለ ኤርሚያስ።

"አንድም ቀን አላቋረጥኩም።"

"እንግዲያው ሐኪሙ መጠኑን መጨመር ሊኖርበት ነው። ተረኛ!"

ባፈና ነጠላቸውን ሰብስበው መጡ። "እኔ እንኳ ተዝካሩ ቤት አልደረስኩም" እያሉ ጣታቸውን ሰጡ።

"ሦስት መቶ ሰባ።"

"እትዬ ባፈና፣ እርስዎስ የማንን ጠላ ጠጡ?" አለች ሠናይት የምትባል ወጣት ሴት።

"ኧረ በማርያም! ውሃ ነው የምጠጣው!"

አሁንም ተሳቀ። ቄሱ ግን አልሳቁም።

"ባፈና፣ መድኃኒትሽን የት ነው የምታኖሪው?"

"እርስዎ ያሳዩኝ ቦታ ነዋ። ደጅ፣ ከክፈፉ ሥር። ቤት ውስጥ የኩበቱ እሳት ያሞቀዋል ብለውኝ።"

ኤርሚያስ ቀና አለ። "ደጅ? ሌሊቱንም?"

"ሌሊቱንም" አሉ ቄሱ። "ከሙቀት አርቁ፣ እርጥብ አሸዋ ባለበት ማሰሮ አኑሩ ያልኸን አንተ ነህ። ከደጅ የሚበልጥ ቀዝቃዛ የት አለ?"

"ጠዋት አሸዋው እንዴት ነው?"

"ሰሞኑንማ በማንኪያ ፈንቅዬ ነው የማወጣው" አሉ ቄሱ።

ኤርሚያስ ራሱን ያዘ። "ውርጭ በልቶታል። አንዴ በረዶ የሆነ መድኃኒት ቢቀልጥም አያገለግልም። በከንቱ ነው የምትወጉት! ጥፋቱ የኔም ነው። የሸዋ ሮቢት ልጅ ነኝ፤ ሙቀቱን እንጂ ውርጩን አላሰብኩትም። ዛሬውኑ ሌላ ትወስዳላችሁ፤ የሚቀመጠው ቤት ውስጥ፣ ከምድጃው ርቆ ነው።"

"አባ" አሉ ባፈና፣ "ጠላውን ጠጥተውት በሆነ ይሻለኝ ነበር።"

ቄሱ ተነሥተው ወደ ሰዉ ዞሩ።

"ውጤት በሁሉም ፊት ይነገራል ብለናል። ጠላ አልጠጣሁም። የባፈናን መድኃኒት ግን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እኔን አይቶ ደጅ ያኖረ ሌላ ካለ እጁን ያውጣ።"

ሠናይት አንገቷን ደፍታ እጇን አወጣች። ከበሩ አጠገብም ሁለት እጆች ተነሡ።