አንድ አዳር

«እፈራው ነበር» አለ በያጁ፣ ማይኩን ወደ አፉ አስጠግቶ። «እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ጎረቤት ስንሆን፣ ሙስሊም መሆኑን ሳውቅ ፈራሁት።»

አዳራሹ አጨበጨበ። አጠገቡ የተቀመጠው አናጢም እጁ ቀድሞት አብሮ አጨበጨበ። የሚጨበጨብለት ነገር ምን እንደሆነ የገባው ሁለት ሦስቴ ካጨበጨበ በኋላ ነው።

ከኋላቸው ሠዓሊዋ ሦስት ወር የለፋችበት የሁለቱ ሥዕል ተሰቅሏል። ባሕር ማዶ ተምራ የመጣች፣ አንደበቷ የታረመ ልጅ ናት። ጥበብ ሰውን ከሰው ያቀራርባል ብላ፣ አሥራ ስድስት ዓመት በአንድ ግቢ የኖሩትን ሁለት ባለሙያዎች ፈልጋ አገኘች። በሥዕሉ ላይ በያጁ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ይስቃል። አናጢው ግን ቆብ ደፍቶ መቁጠሪያ ይዟል። ቆቡ አምጣ ስትለው ከአማቱ የተዋሰው ነው፤ መቁጠሪያውን ከየት እንዳመጣችው እንኳ አያውቅም። እሱማ ሊሣል የሄደው እንደ ወትሮው እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ነበር። «እንዲህ ከሆነ ማን ማን እንደሆነ ሰው በምን ይለያችኋል?» ብላ በፈገግታ እርሳሱን ተቀበለችው። ሰው ማስቀየም አይወድምና እንዳለችው ሆኖ ተቀመጠላት።

«አሁንስ ትፈራዋለህ?» አለ መድረክ መሪው።

«ኧረ በጭራሽ። እሱ እንደ ሌሎቹ አይደለም።»

አሁንም ተጨበጨበ። አናጢው ሌሎቹን በሐሳቡ ቆጠራቸው፦ ሚስቱ፣ ወንድሞቹ፣ ሟች አባቱ። ማይኩ እሱ ዘንድ ደርሶ ምን ተሰማህ ሲባል ደስ ብሎኛል አለ፤ ሰው ቤት ሄዶ ሳይበላ ጠግቤያለሁ እንደሚል እንግዳ።

ወደ ቤት በእግራቸው ተመለሱ። በያጁ ሞቅ ብሎታል። ሠዓሊዋ ቦርጩን ስለቀነሰችለት መርቋት አይጠግብም፤ ሚስቱ ሥዕሉን አይታ እንዲህ ያለ ባል ነበረኝ እንዴ ትላለች እያለ ብቻውን ይስቃል።

«ስማ እንጂ» አለው አናጢው። «ያንን እነሱ ናቸው በል ያሉህ?»

«የቱን?»

«መፍራቱን።»

«ከልብህ ተናገር አሉኝ፣ ተናገርኩ። ድሮ እኮ ነው። ምነው፣ ከፋህ እንዴ?»

«ልጆችህ አንድም ቀን እኔ ቤት አድረው አያውቁም።»

በያጁ እርምጃውን አፈጠነ። የአናጢው ልጅ እነሱ ቤት የማታድርበት ሳምንት የለም። የእነሱ ልጆች ግን እንቅልፍ እያዳፋቸው እንኳ፣ አንዴ ጉንፋን ይዟቸዋል፣ አንዴ የቤት ሥራ አለባቸው እየተባለ ይወሰዳሉ። አናጢው ይህን ሁሉ ዓመት የወላጅ ስስት አድርጎ ነበር የቆጠረው።

«እናታቸው ናት» አለ በያጁ በመጨረሻ። «ታውቃት የለ፣ እሷ ትሰጋለች።»

«ምን እንዳላደርጋቸው?»

ግቢው በር ላይ ሲደርሱ ደህና ዋል ሳይባባሉ ተለያዩ።

የአናጢው ሚስት የልጃቸውን ቀሚስ እየጠቀመች፣ ቀና ሳትል አዳመጠችው። ሲጨርስ አልደነገጠችም። ገና ሁለተኛው ዓመት ላይ እንደገባት ነገረችው።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ልብ ካላየ ዐይን አያይም። ደግሞስ ነግሬህ ምን ልትሆን? ከሱ ሌላ ጓደኛ የለህ።»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሩ ተንኳኳ። የበያጁ ትንሿ ልጅ ናት። ትራሷን አቅፋ፣ የሌሊት ልብሷን በፌስታል አንጠልጥላ ቆማለች።

«ጋሼ፣ አባዬ ዛሬ እናንተ ጋ እደሪ አለኝ።»

«ምን ታይቶት?»

«እኔንጃ። እማዬ ግን እያለቀሰች ነው።»

ከጀርባው የራሱ ልጅ በደስታ ስትዘል ይሰማዋል። ጓደኛው ይቅርታ መጠየቅ ሲያቅተው ልጁን እንደ መያዣ ልኮለታል። «ወደ እናትሽ ተመለሺ፣ መያዣ አልፈልግም ብሏል በይው» የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ደረሰ። ወደ ግቢው ማዶ ተመለከተ። በበያጁ ቤት መስኮት የልጅቷ እናት ቆማለች፤ ሲያያት ወደ ጎን ሸሸት አለች እንጂ አልሄደችም።

«ግቢ፣ የኔ እመቤት» አላት ልጅቷን።

ሁለቱ ልጆች እየተሳሳቁ ወደ ጓዳ ሮጡ። እሱ ተከትሏቸው ገባና የልጁን ፍራሽ እየጎተተ አውጥቶ ሳሎን መስኮቱ ሥር ዘረጋው። ሚስቱ ጓዳው ይሞቃቸው ነበር ብትለው አልሰማም። መጋረጃውን እስከ ጥግ ገልጦ በገመድ አሰረው፤ መብራቱንም አበራ።

«ምን እያደረግህ ነው? ግቢው ሁሉ ያየናል እኮ» ብላ ሚስቱ ገመዱን ልትፈታ እጇን ሰደደች።

«አትንኪው፣ እናቷ ትያት» አላት። ወንበሩን አንሥቶ ከልጆቹ ራቅ ወዳለው ግድግዳ ወሰደና፣ ከማዶ በደንብ በሚታይበት በኩል ተቀመጠ።