አርዲስ ለጨረታ የቀረበችበት ቅዳሜ

ዌንደል ክሮግ ከብት አጫራች ነው። በአሜሪካዋ ነብራስካ ግዛት የሣር ሜዳዎች መካከል ባለች ትንሽ ወረዳ ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ፣ በየማክሰኞው ከብት በጨረታ ከሚሸጥበት በረት ሰገነት ላይ ተቀምጦ፣ ማይክሮፎኑን አፉ ሥር ለጥፎ ጥጃና ወይፈን ሲሸጥ ኖሯል። ምላሱ ከፈጠነ በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ነው፤ ተጫራቹ ዋጋውን ሰምቶ ሳይጨርስ እጁን አውጥቶ ይገኛል። የቤተ ክርስቲያኑም፣ የትምህርት ቤቱም መዋጮ ያለ እሱ አይደምቅም። ሰው ማሳቅ ያውቅበታል። ሲስቁለት ደግሞ ደስ ይለዋል፤ ጥፋቱም የጀመረው ከዚያ ነው።

በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ለወረዳው ምክር ቤት ሁለት ሪፐብሊካኖች እርስ በርስ ተወዳድረው ነበር። የወረዳው ዴሞክራት ሁሉ ተሰብስቦ በአንድ ፒክአፕ ስለሚጫን፣ እዚያ ምርጫ ማለት ፓርቲው እጩውን የሚለይበት የግንቦቱ ነው። የፓርቲው የወረዳ ሊቀመንበር ራስል ቦም የደገፈው ሰው በአርባ አንድ ድምፅ ተሸነፈ። ራስል "ተሰረቅን" አለ። ምርጫውን የምታስፈጽመው የወረዳው ጸሐፊ አርዲስ ቫቭራ ነበረች፤ ሃያ ስድስት ዓመት በዚያ ወንበር የተቀመጠች፣ ከአያቷ ጀምሮ ሪፐብሊካን የሆነች፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት። "እንግዲያው ኑና በእጅ እንቁጠረው" አለችና ሦስት ታዛቢዎች አስመረጠች። አንዱ ዌንደል ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ የአርዲስ ቢሮ ባለበት በፍርድ ቤቱ ምድር ቤት ተቀምጠው ወረቀቱን አንድ በአንድ አገላበጡት። እሱ እየጠራ፣ እሷ እየጻፈች። ልዩነቱ ያው አርባ አንድ ሆነ። አንዲት አልጎደለች፣ አንዲት አልተረፈች። ዌንደልም በቆጠራው ሰነድ ላይ ፈረመ።

ነገር በዚያ ያበቃ መስሎት ነበር። ከሰኔ ጀምሮ ግን ወሬው እየጋለ መጣ። ሬዲዮውም፣ ስልኩም፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በር ላይ የሚቆመውም ሰው፣ ሁሉም ስለ ጠላት ያወራ ጀመር። መጀመሪያ ጠላቱ ሩቅ ነበር፤ ድንበር የሚሻገረው ስደተኛ፣ የከተማ ሰው፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር። ዌንደል እነዚያን አንዳቸውንም አያውቃቸውም፤ ስለዚህ አብሮ ይስቅ ነበር። ቆይቶ "ጠላታችን ከውስጣችን ነው" መባል ተጀመረ። ወሬው እየቀረበ፣ እየቀረበ መጥቶ ከፍርድ ቤቱ በር ደረሰ።

አንድ ማክሰኞ በበረቱ ምሳ ቤት ውስጥ አንዱ ከብት ሻጭ ቡናውን እያማሰለ፣ "ዌንደል፣ አንተም ፈርመህላታል አሉ?" አለው።

"እኔ ያቀረቡልኝን ነው የፈረምኩት" አለ ዌንደል።

ውሸት ነበር። የቀረበለት ነገር አልነበረም፤ ራሱ ነው የቆጠረው። ሰውየው ግን ጭንቅላቱን ነቅንቆ ወሬ ሲቀይር፣ ዌንደል እፎይ አለ። እፎይ በማለቱ ያፈረው በኋላ ነው።

በጥቅምት የመጀመሪያው ቅዳሜ ፓርቲው ዓመታዊ ግብዣውን በኤግዚቢሽን አዳራሹ አደረገ። ሴቶቹ የጋገሩት ፓይ የሚባል የፍራፍሬ ኬክ በጨረታ ይሸጣል፤ አጫራቹ መቼም ዌንደል ነው። ገና ስድስተኛውን ፓይ ሳይሸጥ ራስል ወደ መድረኩ ተጠጋና ጆሮው ሥር፣ "ሰዉ ቀዝቅዟል። ስለ አርዲስ አንድ ሁለት ነገር ጣል አድርግበት እስቲ" አለው።

"ምን ብዬ?"

"አንተን እኔ ቀልድ ላስተምርህ?"

ዌንደል ቀና ብሎ አዳራሹን አየ። ሁለት መቶ የሚሆን ሰው፣ ሁሉንም በስም የሚያውቀው። ምሳ ቤት የጠየቀው ከብት ሻጭም ፊት ለፊቱ ተቀምጧል። አንዴ ካሳቃቸው ማንም ስለ ፊርማው አይጠይቀውም።

"እሺ ጎበዝ!" አለ ማይክሮፎኑን አንስቶ። "ቀጥሎ የሚቀርበው ያገለገለ የወረዳ ጸሐፊ ነው! ሞዴሉ የድሮ፣ ሩጫው ያለቀ፣ ከአሥር በላይ መቁጠር የማይችል! ማን ይጀምርልኛል? ቻይና አምስት ዶላር አለች! አምስት አለኝ፣ አምስት፣ አምስት፣ አሥር ማን ይላል? ዴሞክራቶች አሥር! ኧረ ጨምሩ፣ አርባ አንድ ድምፅ ይመረቅላችኋል!"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጠረጴዛ የሚደበድበው ደበደበ። ከኋላ አንዱ "ከሃዲ!" ብሎ ጮኸ፤ ሌላው "እሰሯት!" አለ። ዌንደል ሳቁ ከፍ እንዳለ ሊጨርሰው ፈልጎ፣ "ተሸጠች!" አለና መዶሻውን ጠረጴዛው ላይ ነረተው። "ደግሞስ መቼ ተሸጠች? ራሷን የሸጠችው ድሮ ነው!"

ያኔ ነው አርዲስን ያያት። ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሽርጥ አድርጋ ቆማለች። እንደ ወትሮዋ ሳህን ልታጥብ፣ ፓይ ልታመላልስ መጥታ ኖሯል። በእጇ የቼሪ ፓይ ይዛለች። በጠረጴዛዎቹ መሀል ቀስ ብላ መጣችና ፊቱ አስቀመጠችው።

"ቀጣዩ የእኔ ነው፣ ዌንደል" አለች።

የአርዲስ የቼሪ ፓይ በየዓመቱ ከመቶ ዶላር በታች ወርዶ አያውቅም። ሰው ይሻማበታል። ዌንደል ማይክሮፎኑን አነሳ።

"ሃያ ዶላር... ሃያ ማን ይላል?"

እጅ የለም።

"አሥር ማን ይላል? አሥር።"

አንዱ ጫማውን ያያል፣ አንዱ የውሃ ብርጭቆ ያሽከረክራል። ዌንደል በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ አንካሳ ላም እንኳ አቅርቦ ዋጋ የሚሰጥ አጥቶ አያውቅም። ሚስቱ ጀኔል ከሦስተኛው ጠረጴዛ ዓይኗን ተክላበታለች። ምን እንደምትለው ገብቶታል፤ ራስህ ግዛው ነው የምትለው። ኪሱ ውስጥ መቶ ሃያ ዶላር ነበረው። "አምስት" አለ፤ ድምፁ ሟሸሸ። ከዚያ ወደ ራስል አየ። ከዚያ፣ "ወደሚቀጥለው እንለፍ" አለ።

አርዲስ ፓይዋን አነሳች። ሽርጧን ፈታ አጠፈችና ወንበር ላይ አኖረችው። በጓሮ በር መውጣት ትችል ነበር፤ እሷ ግን በሁሉም ፊት አልፋ በዋናው በር ወጣች።

ወደ ቤት ሲመለሱ መኪናውን የነዳችው ጀኔል ነበረች። ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርሱ፣ "ቆጠራው ልክ ነበር ወይስ አልነበረም?" አለችው።

"ልክ ነበር።"

ሌላ አልጠየቀችውም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ካፍ የወጣ አፋፍ ነው። አንዱ በስልኩ ቀርጾት ኖሮ፣ እስከ ሰኞ ድረስ ወረዳው ሁሉ አየው። አርዲስ ቢሮ እየደወሉ "አምስት ዶላር!" ብለው የሚዘጉ በዙ። የፖስታ ሳጥኗን በመኪና ገጭተው ጣሉት። ሐሙስ ጠዋት ዌንደል በቤቷ በኩል ሲያልፍ የጋራዧ በር ላይ በቀይ ቀለም "ተሸጠች" ተብሎ ተጽፎ አየ። ያቺ ቃል የራሱ ነበረች። መኪናውን አቆመ። ወረደ።

አርዲስ ባልዲና ብሩሽ ይዛ በሩን ትፈትጋለች። ዞር ብላ አየችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

"አርዲስ፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።"

"እዚህ ማን ይሰማሃል? እኔና ይሄ በር ብቻ ነን።"

"ምን ላድርግልሽ?"

"ስትሰድበኝ ማይክሮፎን ይዘህ ነበር" አለች።

ብሩሹን ልቀበልሽ ብሎ እጁን ዘረጋ። አልሰጠችውም። "ተወው፣ እጄ ሥራ ቢይዝ ይሻለኛል።" ትንሽ ፈትጋ ደግሞ፣ "የገረመኝ ራስል አይደለም። ራስል የሚያወራውን ያምነዋል። አንተ ግን ቁጥሩን በአፍህ ጠርተህልኝ ነው የጻፍኩት" አለችው።

ዌንደል መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። "ማክሰኞ እናገራለሁ። በሰው ሁሉ ፊት" አለ። አርዲስ መፈተጓን ቀጠለች፤ ቀለሙ አልለቅ ብሏት ነበር።

ማክሰኞ መጣ። ዌንደል ሌሊቱን ሲያጠናው ያደረ ንግግር ነበረው። ሰገነቱ ላይ ወጣ፣ ማይክሮፎኑን ከፈተ፣ ቁልቁል አየ፤ በረቱ ጢም ብሏል። "እንደምን አደራችሁ" አለ። ከዚያ የመጀመሪያዎቹ ጥጆች ገቡ፤ ምላሱ በለመደችው መንገድ ሄደች። አራት መቶ ሠላሳ ከብት ሸጦ ማታ ቤቱ ገባ።

ጀኔል ዓይኑን አይታ ገባት። "አልተናገርክም" አለች።

"አልተናገርኩም።"

በዚያው ሳምንት በወረዳው ጋዜጣ ላይ አራት መስመር ወጣ፦ አርዲስ ቫቭራ ከኃላፊነቷ በፈቃዷ ለቃለች፣ ወረዳው ስለ አገልግሎቷ ያመሰግናታል። ዌንደል ጋዜጣውን አጥፎ ቁጭ አለበት፤ ሚስቱ እንዳታየው ይመስል። እሷ ግን ቀድማ አንብባው ነበር።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ከብት ከመግባቱ በፊት ማይክሮፎኑን በሁለት እጁ ያዘ። ያ ፈጣን ሰው ቃል እንደ ድንጋይ ከበደው።

"አንድ ነገር ልናገር። የግንቦቱን ምርጫ... በእጅ ስንቆጥር እኔ ነበርኩ። ማንም ያቀረበልኝን አልፈረምኩም። እያንዳንዷን ወረቀት እኔ አይቻለሁ። ልክ ነው ቁጥሩ። አርዲስ አልሰረቀችም። እንደዚያ ስቀልድባት አውቅ ነበር። እያወቅኩ ነው።"

ራስል ቦም ከፊት ወንበር ተነሳና ባርኔጣውን ደፍቶ፣ "አንተን ደግሞ በስንት ገዙህ?" አለና ወጣ። ከኋላው አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች ተከተሉት። ሌሎቹ ቀሩ፤ ግን ያጨበጨበ የለም፣ ቀና ብሎ ያየውም ጥቂት ነው። ዌንደል ከብቱ ይግባ ብሎ ምልክት ሰጠ።

ምሳ ላይ ሽማግሌው ኤልደን፣ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው፣ ሳህናቸውን ይዘው መጡና ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። የአባቱ ጓደኛ ነበሩ።

"ካወቅህ ለምን ቀለድክ፣ ልጄ?"

"ፈርቼ ነው።"

"ማንን?"

ዌንደል ዙሪያውን አየ። ፈንጠር ብለው የተቀመጡት ሁሉ የአንዱን ቤት እሳት አብረው ያጠፉ፣ የአንዱን ሬሳ አብረው የተሸከሙ ናቸው። "እናንተን" አለ።

ኤልደን ሹካቸውን አስቀመጡ። "እኔም ያን ቀን ለፓይዋ እጄ ሊወጣ ነበር" አሉ። "ጎረቤቴን አየሁና መለስኩት። እሱም እኔን ሲያይ ነበር መሰለኝ።" ምሳቸውንም እዚያው በሉ።

በበረዶው ወራት ሰባት ከብት ሻጮች ከብታቸውን ወደ ሌላ በረት ወሰዱ። ዌንደል ለአርዲስ ደብዳቤ ጻፈላት፤ መልስ አልመጣም፤ እሱም አልጠበቀም። በሚያዝያ አርዲስ ጎረቤት ግዛት ደቡብ ዳኮታ እህቷ ዘንድ ልትሄድ መሆኑ ተሰማ። በዚያ አገር ቤቱን የሚለቅ ሰው ዕቃውን ግቢው ውስጥ ደርድሮ ያጫርታል። የወረዳውን ሰው ሁሉ ዕቃ ሲያጫርት የኖረው ዌንደል ነው። አርዲስ ግን አጫራች ያስመጣችው ከሌላ ወረዳ ነበር።

በዕለቱ ዌንደልና ጀኔል በዚያ መንገድ ሲያልፉ መኪናው ዳርና ዳር ተደርድሯል። የማያውቀው ድምፅ በማጉያ ይጣራል፤ አልጋ፣ ማቀዝቀዣ፣ የስፌት መኪና።

"እንቁም?" አለች ጀኔል።

"ፊቴን አሳይቼ በመጨረሻ ቀኗ ላሳፍራት?"

"የምታፍረው እሷ አይደለችም" አለችው።

እሱም ያውቃል። ራቅ አድርጎ አቆመ። ጀኔል ብቻዋን ወርዳ ሄደች፤ እሱ መስኮቱን ዘግቶ ተቀመጠ። የሚያውቁት ሰዎች በመኪናው አጠገብ ሲያልፉ የመኪናውን ሬዲዮ እንደሚጠግን ሰው አቀረቀረ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጀኔል ባዶ እጇን ተመለሰች።

"አገኘሻት?"

"ተቃቅፈን ተሰናበትን።"

"ምን አለችሽ... ስለ እኔ?"

"አልጠየቀችኝም" አለች ጀኔል ቀበቶዋን እያሰረች። "እኔም አላነሳሁባትም።"

ዌንደል ሞተሩን አስነሳና ወደ ቤታቸው ነዳ።