ማንም የማይጠብቃት ከተማ

ሙሉእመቤት የምሥራቹን ይዛ ጉለሌ የገባችው፣ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ጭቃው ከእግር ጫማ በሚነጥቅበት ሰሞን ነበር። ፊልም ለመማር ተወዳድራ አልፋለች። ያውም ሞስኮም ፕራግም ተቀብለዋታል። የነፃ ትምህርቱን ጉዳይ የያዙት ጓድ መሸሻ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ "ሰኞ ጠዋት አንዱን ትነግሪኛለሽ። ሌላውን የሚመኝ ስንት አለ መሰለሽ!" ብለው አሰናበቷት።

እናቷ ወይዘሮ ወለተማርያም ጳውሎስ ሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ያላቸው እሷው ብቻ ናት። ወሬውን ሲሰሙ እልል አሉና ወዲያው ፊታቸው ጨለም አለ።

"የእትዬ ሾዴ ልጅ ያለው የትኛው አገር ነው?"

"ደቻሳማ ሞስኮ ነው።"

"እንግዲያው ምን ያስመርጥሻል? ብትታመሚ ውሃ የሚያቀምስሽ አለ። እዚያኛው አገር ማን አለሽ?"

ጎረቤታቸው እትዬ ሾዴም እልልታውን ሰምተው ደረሱ። "ደቻሳዬ ከአውሮፕላን ሲያወርዳት ይታየኛል! ዛሬውኑ ደብዳቤ አጽፍለታለሁ" አሉ።

የሙሉእመቤትም ልብ ቢሆን ወደ ሞስኮ ነበር ያዘነበለው። እዚያ የምትማረው ትልልቁን ፊልም ማዘጋጀት ነው፤ ፈረሱን፣ ሠራዊቱን፣ ፍቅሩን። ፕራግ የፈቀዱላት ግን ዘጋቢ ፊልም ነው። ዘጋቢ ፊልም ሲባል ደግሞ እሷ የምታውቀው ዋናው ፊልም ሳይጀመር የሚያሳዩትን፣ ትራክተርና የፋብሪካ ምረቃ፣ ተመልካቹ እያዛጋ የሚያሳልፈውን ነው።

እሑድ እናቷን ፒያሳ ሲኒማ ኢትዮጵያ ወሰደቻቸው። ወለተማርያም በዕድሜያቸው ሲኒማ ቤት ገብተው አያውቁም። ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄዱ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ፊልሙ የጦርነት ነበር። አንድ ወጣት ወታደር ከመንደር መንደር እየተዋጋ ሄዶ፣ በመጨረሻ ተሸልሞ ወደ እጮኛው ይመለሳል። እናትየው እስከ መጨረሻው አይተው ወጡ። ወደ ቤት የሚወስደውን ዳገት ግማሽ ያህል እንደወጡ ጠየቁ።

"ወታደሮቹ መንደሯን ሲያቋርጡ ባልዲ ይዛ ደጇ ላይ የቆመችው አሮጊት፣ ምን ሆነች?"

"የቷ አሮጊት?"

"አላየሻትም? ውሃ ይዛላቸው ወጥታ አንዱም ዞር ብሎ አላያት። ተመልሰው ያሳዩናል ብዬ እስኪያልቅ ጠበቅኩ።"

"እማዬ፣ እሷ እኮ ለማለፍ ያህል የገባች ናት። ታሪኩ የወታደሩ ነው።"

"የሱማ አለቀ፤ ተኮሰ፣ ተሸለመ፣ አገባ። የሷ ነው የቀረው።"

 ሙሉእመቤት ፊልሙን ከዚያ በፊትም አይታዋለች፤ አሮጊቷን ግን አንድ ቀንም ልብ አላለቻትም።

ሰኞ ጠዋት እናቷን እስከ ሆስፒታሉ በር ሸኘቻቸው። አጥሩን ተደግፈው ምሳ ዕቃ ያቀፉ አስታማሚዎች በሩ እስኪከፈት ይጠብቃሉ። በየቀኑ ያለፈቻቸው ሰዎች ናቸው። አንዷ ሴትዮ የምሳ ዕቃውን ክዳን ከፈት እያደረገች በእጇ ትዳስሰዋለች፤ ቀዝቅዞ እንደሆን ልታውቅ ይሆናል። ለማን ነው የያዘችው? ከየት መጣች? ሙሉእመቤት እግሯ አልነቀል አላት። ከቆመችበት የተንቀሳቀሰችው በሩ ተከፍቶ ሴትየዋ ከገባች በኋላ ነው።

ጓድ መሸሻ ብዕራቸውን አዘጋጅተው ነበር። "ሞስኮ ልበል?"

"ፕራግ።"

ቀና ብለው አዩዋት። "በደንብ አስበሽበታል? ዘጋቢ ፊልም ማን ያይልሻል? ሰዉ እሱ እስኪያልቅ ውጭ ሲጋራውን ነው የሚያጨሰው።"

"እናቴ ታያለች" አለቻቸው። ሳቃቸው አመለጣቸውና ፕራግ ብለው ጻፉ።

ቤት ውስጥ ግን የሳቀ የለም።

"ማን መከረሽ?" አሉ ወለተማርያም።

"አንቺ ነሽ። ስለ አሮጊቷ ስትነግሪኝ…"

"እኔ ስለ ባልዲ ባወራሁ፣ ማንም ወደማይጠብቅሽ አገር ልትሄጂ?" ብለው ፊታቸውን አዞሩባት። ኩርፊያው ሳምንቱን ሙሉ ቆየ። ቁስቋም ድረስ ወጥተው ለማርያም አቤት አሉ፤ ለእትዬ ሾዴም አለቀሱ። ከዚያ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለሱ ከሰልባጅ ተራ የገዙትን ወፍራም የሱፍ ካፖርት ልጃቸው አልጋ ላይ ጣል አደረጉ። "ቁልፉን አጥብቄልሻለሁ" ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ሙሉእመቤት ተከትላቸው ገብታ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

በመስከረም ሄደች። የመጀመሪያው ዓመት፣ ቋንቋውን እስክትለምድ፣ እናቷ የፈሩትን ያህል ሆነባት። ቅዳሜና እሑድ ከሰው ሳትነጋገር የምታሳልፍበት ጊዜ ነበር፤ ሞስኮን መርጬ ቢሆን ኖሮ ያለችበትም ቀን ጥቂት አይደለም። ካሜራ በእጇ ሲገባ ነገሩ ተለወጠ። የመጀመሪያ ሥራዋን ለመቅረጽ ወደ አንዲት የትራም ጠራጊ ሄደች። ሴትየዋ መጀመሪያ ጮኸችባት፤ በማግስቱ ዝም አለቻት፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ቤቷ ወስዳ ሾርባ አጠጣቻት። ሙሉእመቤት ለእናቷ የጻፈችው ስለ ፊልሙ ሳይሆን ስለ ሾርባው ነው።

ትምህርቷን ጨርሳ ስትመለስ ወለተማርያም ጡረታ ወጥተው ነበር። ከአውሮፕላን ጣቢያ ወደ ቤት ሲሄዱ ታክሲ ውስጥ ፊቷን አገላብጠው አዩና፣ "ከስተሻል" አሏት። ቀጥለውም፣ "እስቲ ንገሪኝ፤ እነማንን አየሽ?" አሉ። እሷም ጉለሌ እስኪደርሱ አወራችላቸው።