በረንዳ ላይ ያደረው ኢንሱሊን

የወይዘሮ ሰንበቴ ኢንሱሊን ሊያልቅ ተቃርቧል። የጎባም ሆኑ የሮቤ መድኃኒት ቤቶች «የለም» ማለት ከጀመሩ ሰንብተዋል፤ ስኳራቸው ደግሞ ያለ መርፌ አይያዝም። ስለዚህ የወንድማቸው ልጅ ደራራ ከአንድ የውጭ አገር መድኃኒት ቤት በስልኩ አዘዘላቸው። ዕቃውም በመንገደኛ እጅ ጎባ ደረሰ።

ባላቸው አቶ ባዳሳ ብልቃጡን እያገላበጡ አዩት።

«የሰንበቴ ሐኪም ማን እንደ ሆነ ሻጮቹ ጠየቁህ?»

«አልጠየቁም፣ ጋሼ።»

«በሬ ስሸጥ እንኳ ገዢው ከማን በረት እንደ ወጣ ይጠይቀኛል። እነዚህ ደም ውስጥ የሚገባ ነገር እየሸጡ ምንም አይጠይቁም?»

«ሰው ሁሉ ከዚያ ነው የሚያስመጣው።»

«ሰው ሁሉ ሚስቴ አይደለም።»

ወይዘሮ ሰንበቴ ሳቁ። «የምወጋው እኔ፣ የፈራኸው አንተ!»

አቶ ባዳሳ ግን የሮቤዋ ፋርማሲስት ኢፍቱ ሳታየው እንዳይወጉት አስማሏቸው። እስከዚያ የት ይደር? ማቀዝቀዣው ውስጥ፣ ከተረፈው ደኅና መድኃኒት ጎን ሊያኖሩት ልባቸው አልፈቀደም። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ በዚህ ብርድ ሥጋውንም ወተቱንም በረንዳ ላይ ማሳደር የቤቱ ልማድ ነበር። ብልቃጡንም ጣሳ ደፍተውበት እዚያው አሳደሩት።

ጠዋት ውርጭ ያነጣውን ጣሳ አንሥተው፣ ብልቃጡን ሳያዩት ኪሳቸው ከተቱና ሮቤ ወረዱ።

«አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደሩ አባባ» አለች ኢፍቱ። ብልቃጡን ወደ ብርሃን አነሣችው። ውስጡ ነጫጭ ብናኝ ይዋኛል።

«አላልኩም? ሐሰተኛ ነው!» አሉ። ደራራን የሚወቅሱበት ቃል አፋቸው ላይ ደርሶ ነበር።

«ሊሆን ይችላል። የሐኪም ማዘዣ ሳይጠይቅ የሚሸጥን እኔም አላምንም። ግን የት አደረ?»

«በረንዳ ላይ።»

ኢፍቱ ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ኢንሱሊን አንዴ በረዶ ከሠራ አበቃለት፣ አባባ። እውነተኛም ቢሆን አይወጋም። እማማን ዛሬውኑ ሆስፒታል ይውሰዷቸው፤ ያለው እስኪያልቅ አይጠብቁ።»

አቶ ባዳሳ ወደ ጎባ ሲመለሱ መኪናው ውስጥ ስልካቸው ጮኸ።

«ጋሼ፣ ሐሰተኛ ነው አለች?»

ያ የተዘጋጀ ወቀሳ አሁን ወዴት እንደሚጣል ጠፋቸው።

«እንጃ፣ ልጄ። እሱንማ ከእንግዲህ ማንም አያውቀውም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አክስትህን ጋቢ አልብሳት፤ እንደ ደረስኩ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን።»