ያልተያዘችው እጅ

ሠዓሊዋ በሥዕል የምትተርከውን የኮሚክ መጽሐፏን የመጨረሻ ገጽ እየሳለች ነው። ድሮ ሰፈሩን በቡጢ ታስጨንቅ የነበረችው ጀግናዋ ልጅ አሁን ጎርፍ ከከበበው ጣራ ላይ ሕፃን ልታወርድ ነው። አንባቢ ይቅር የሚላት ወይ የሚተዋት እዚችው ገጽ ላይ ነው። ቀለም የሚቀባላት ታናሽ ወንድሟ አጎንብሶ አየና ሳቀ።

«እታለም፣ ልታድነው ነው ልትደቁሰው?»

እውነትም የጀግናዋ እጅ ተጨብጧል። ሠዓሊዋ ቡጢ ስትስል ከርማ ለምዶባት ነው። በላጲስ አጠፋችና ጣቶቹን ዘረጋቻቸው።

«በቃ፣ አሁን ልጁ እጇን ይያዛት» አለ ወንድሟ።

«ኧረ ቶሎ አያምናትም» አለች አሰብ አድርጋ። «አባቱን ማን ሆነና የደበደበው?»

ሕፃኑን ጣራው ላይ እንደተኮራመተ ተወችው። ወንድሟም ብሩሹን አነሳና የጎርፉን ውሃ ጀግናዋ ደረት ድረስ ቀባው። እጇ እንደተዘረጋ ነው።