የትከሻዋ ሪባን

ልጄ ከትምህርት ቤት ስትገባ የኮቷ ትከሻ ባዶ ነበር።

ትምህርት ቤቱ «ልጆች ስታድጉ መሆን የምትፈልጉትን ለብሳችሁ ኑ» ብሎ ነበር። የኔዋ አፏን ከፈታችበት ቀን ጀምሮ ፓይለት ናት። ይኸው አስራ አንድ ዓመት ሞላት፣ ዛሬም የአውሮፕላን ድምፅ ከሰማች ምሳዋን ጥላ በረንዳ ትወጣለች። እናቷ ልብስ ሰፊ ሆና ልብስ ልትዋስ ነው እንዴ? ከደንበኛ ሱሪ በተረፈ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ኮት ሰፋሁላት፣ በሁለቱም ትከሻ አራት አራት ቢጫ ሪባን አደረግሁበት።

«ሪባኑስ?» አልኳት።

«አስተማሪያችን ነቅላ ለክፍል አለቃው ሰጠችው። ፓይለት እሱ ይሁን፣ አንቺ ሆስተስ ብትሆኚ ያምርብሻል አለችኝ።»

ደሜ ፈላ። ያምርብሻል! ማን ቁንጅና ጠየቃት? «ዛሬ ወይ እኔ ወይ እሷ!» ብዬ ጫማዬን ማድረግ ጀመርኩ።

«እማዬ፣ ተይው በቃ» አለች ልጄ። «ሆስተስም እኮ ትበራለች።»

አንጀቴን ያሳረረው ይሄ ነው። ሆስተስነት ነውር ሆኖ አይደለም፤ እሷ ብትመርጠው እኔው እሰፋላት ነበር። አልመረጠችውማ! የስንት ዓመት ምኞቷን በአንድ ጠዋት አስረክባ መጥታ፣ ጭራሽ እኔን ታጽናናኛለች። ጉድ እኮ ነው!

«ዝም ብለሽ አስነቀልሽ? አፍ የለሽም?» ብዬ አምባረቅሁባት።

ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ምን ላድርግ? በጣቷ ሳብ ስታደርገው እኮ ወዲያው ወጣላት።»

ጫማዬን መልሼ አወለቅሁ። የደንበኛ ልብስ ቢሆን በስፌት መኪና ደጋግሜ እመታው ነበር። የሷን ግን ለአንድ ቀን ነው ብዬ፣ የልጅ ጨዋታ ነው ብዬ፣ በእጅ መርፌ ነካ ነካ ነው ያደረግሁት። አስተማሪዋን ልሰድብ የተነሳሁት ሴትዮ ከሷ በምን እሻላለሁ?

«አውልቂው!» አልኳት። ቁጣዬ አልበረደም፤ በሷ ላይ እንዳልሆነ ግን ገባት መሰለኝ፣ ቶሎ አውልቃ ሰጠችኝ። አዲስ ሪባን ቆረጥኩ። አንዴ መታሁት፣ ደገምኩት፣ ስሠልሰው መርፌው ተሰበረ። ሌላ መርፌ አስገብቼ ቀጠልኩ።

ስጨርስ ኮቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ሪባኑን በሁለት እጇ ጎተተችው። አልወጣም። ጥርሷን ነክሳ እንደገና ጎተተችው።

«ነገም ልልበሰው?» አለችኝ።

«ልበሺው። እኔም አብሬሽ እመጣለሁ» አልኳት። «እስቲ ትንቀለው!»