የአቡጀዲው ቀብር

መዝገቡና ለታ ከመንግሥት መጋዘን የሰረቁትን አቡጀዲ የሬሳ ሣጥን ውስጥ ከተው የጉለሌን ኬላ አለፉ። የአብዮት ጥበቃው ጠመንጃውን ዝቅ አድርጎ "ነፍስ ይማር" አላቸው እንጂ ሣጥኑን አልነካም። የቀራቸው የጨርቁ ገዢ ወደሚጠብቅበት ወደ ለታ አጎት ግቢ መታጠፍ ብቻ ነበር።

እነዚህ ሁለት ጅሎች ሁሉን አስበው የሰፈሩን ሰው ረሱ። ጉለሌ ውስጥ ሬሳ በሁለት ሰው ብቻ ሲሄድ ማን ዝም ብሎ ያያል?

መጀመሪያ አንድ ጫማ ሰፊ ሥራውን ጥሎ ተነሣ። "ምነው፣ ዘመድ የለውም እንዴ?" ብሎ ከሣጥኑ ሥር ገባ። ከወፍጮ ቤት ዱቄት የለበሱ ሰዎች ተከተሉት። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላ ተሰለፉ። ለታ ወደ አጎቱ ግቢ ሊታጠፍ ሲል "ቁስቋም በዚህ ነው እንጂ!" ብለው አቀኑት።

"መታጠፊያውን አለፍነው እኮ" አለ ለታ በሹክሹክታ።

"ዝም ብለህ አልቅስ!" አለው መዝገቡ።

ቤተ ክርስቲያኑ ሲደርሱ ቄሱ የሟቹን የክርስትና ስም ጠየቁ። መዝገቡ ደንግጦ የራሱን ተናገረና በቁሙ ፍትሐት ተደረገለት። ሣቁ መጣበት፤ በነጠላው አፉን ያዘ።

ሣቁን የቆረጡት ወይዘሮ የሺሀረግ የተባሉ የሰፈር እናት ናቸው። ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው "ልጄን ገድለው ሬሳውን ከለከሉኝ። እንዳላለቅስም ከለከሉኝ። ዛሬ በእናንተው ሟች አሳብቤ ላልቅስ፣ ፍቀድልኝ" አሉትና ሣጥኑ ላይ ወደቁ። መዝገቡ በዕድሜው እንዲህ አፍሮ አያውቅም። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው ነበር፤ እሷ ግን የዋጠችው አቡጀዲውን ነው።

በማግስቱ ጠዋት አካፋ ይዘው ተመለሱ። ለታ ገዢው እንዳይሄድባቸው ፈርቶ ይቸኩላል። ወይዘሮ የሺሀረግ ግን ቀድመው መጥተው መቃብሩ አጠገብ ተቀምጠዋል።

"አፈሩን ልታስተካክሉ መጣችሁ?" አሉ። "ተባረኩ ልጆቼ። ከእንግዲህ እኔም መጥቼ የማለቅስበት አገኘሁ።"

ለታ ጓደኛውን በክርኑ ጎሸመው። "አንድ ነገር ብለህ ሸኛቸው እንጂ።"

መዝገቡ አካፋውን አስቀመጠ። ከአጥሩ ሥር ትልቅ ድንጋይ እያንከባለለ አምጥቶ መቃብሩ ላይ ጫነ። ሌላ ሊያመጣ ሲሄድ የለታን ዓይን ማየት አልቻለም።

"ና አግዘኝ" አለው አቀርቅሮ። "ጅብ እንዳያወጣው።"